ኬፕታውን ላይ ሞተር ከነሹፌሩ ይዞ ባሕር ዳርቻውን መዞር፣ የሞከረ አለ?

ሄለን_ሳሪስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በፈረንጆቹ ማርች ላይ ለሥራ ሥልጠና ኬፕታውን እሄዳለሁ። ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል፣ የመመለሻ በረራችን ሰኞ ነው። እሁድን ለመዝናናት ትተነዋል። አብራኝ የምትሄደው የሥራ ባልደረባዬ ኢንተርኔት ላይ አይታ “ሞተር ከነሹፌሩ እንያዝና ባሕሩን ተከትለን እንዙር” እያለች ቁም ስቅሌን እያሳየችኝ ነው። ሁለት ዓይነት አለ አሉ። አንደኛው ትልቅ ሞተር ላይ ከሹፌሩ ኋላ ተፈናጥጦ መሄድ። ሌላኛው ከሞተሩ ጎን ወንበር የተገጠመለት፣ ሳይድካር የሚባለው። እኔ ደግሞ ሞተር ሲባል ትዝ የሚለኝ ቀለበት መንገድ ላይ በመኪና መሀል ሹልክ ሹልክ የሚሉት ልጆች ናቸው። ያስፈራል ወይ? ከመኪናስ በምን ይሻላል? የቱን እንምረጥ? የምታውቁ በናታችሁ ጣል አድርጉልኝ።

ናቲ_ኬፕ፦
እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። እኔ የምኖረው እዚሁ ነው፣ ሱቄ ቤልቪል ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ይዤው የምዞረው እኔ ስለሆንኩ መንገዱን እንደ ሰፈሬ አውቀዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ አቅጣጫ ጠይቂ እልሻለሁ። ደቡብ አፍሪካ የሚነዳው በግራ ነው። ዋናው የምታዩት መንገድ ቻፕማንስ ፒክ ደግሞ ባሕሩ በምዕራብ በኩል ነው ያለው። ከከተማ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ከወረዳችሁበት፣ የምትሄዱት በተራራው ጥግ ነው። ባሕሩን የምታዩት የተቃራኒውን መኪና አሻግራችሁ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትመለሱበት ግን ገደሉም ባሕሩም ከጎናችሁ ነው። በመሃል ምንም የለም።

ስለዚህ ሙሉ ቀን ካላችሁ እንዲህ በሏቸው። ጠዋት በሙይዘንበርግ፣ በካልክ ቤይ፣ በሳይመንስ ታውን ውረዱ። ቦልደርስ ላይ ፔንግዊኖቹን እዩ። ኬፕ ፖይንት ደርሳችሁ በኑርድሁክ በኩል ተመለሱ። ቻፕማንስ ፒክን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ትይዙታላችሁ። ከዚያ ሃውት ቤይ፣ ላንዳድኖ፣ ካምፕስ ቤይ፣ ከተማ። ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ ኬፕ ፖይንትን ተዉትና ቻፕማንስን ያዙ። ማንም ቢመክራችሁ እሱን እንዳትዘሉት።

ዳጊ_ሜክሲኮ፦
እኔ ግን አልገባኝም። በዚያ ብር መኪና ተከራይቶ ሙሉ ቀን መዞር እየተቻለ ለምንድነው በሰው ሞተር ንፋስ የሚጠጡት? መኪና ውስጥ ሙዚቃ አለ፣ ቦርሳ ማስቀመጫ አለ፣ ዝናብ ቢመጣ ጣራ አለ። ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ናቲ_ኬፕ፦
ዳጊ ወንድሜ፣ መኪናውን ማን ነው የሚነዳው? ቻፕማንስ ፒክ 9 ኪሎ ሜትር ላይ 114 ኩርባ ነው ያለው። የሚነዳው ሰው ባሕሩን አያይም፣ አስፋልቱን ነው የሚያየው። አዲስ አበባ በቀኝ ሲነዳ የኖረ ሰው ደግሞ እዚህ በግራ ሲነዳ ላብ በላብ ነው የሚሆነው። እኔ ራሴ እንግዳ ይዤ ስሄድ “አየህ? አየህ?” ይሉኛል፣ የማየው የፊቴን መኪና ነው። ሹፌር መያዝ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። ሁሉም ያያል።

ደግሞ መንገዱ ራሱ መታየት ያለበት ነው። የተሠራው ከ1915 እስከ 1922 ነው። ከታች ያለው ድንጋይ ግራናይት ነው፣ ጠንካራ። ከላይ ያለው ንብርብሩ አሸዋማ ድንጋይ ነው። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር ተከትለው መቅረጽ ነው። ግራናይቱ መሠረት ሆነ፣ የላይኛውን ለስላሳውን ቆፈሩት። ብልጠት ነው፣ ግን ጣጣም አለው። ከላይ ያለው ድንጋይ ይናዳል። በዚህ የተነሳ በ2000 ተዘግቶ ቆይቶ፣ በተራራው ላይ መረብ ተዘርግቶ፣ አንዱ ቦታ ላይ ዐለቱ እንደ ግማሽ ዋሻ ተፈልፍሎ፣ በ2003 መጨረሻ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ይዘጉታል።

ጋሽ_ሞተረኛው፦
ሄለን ልጄ፣ እኔ በጉርምስናዬ ሊማሊሞን በሞተር የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስለ ሞተሩ ልንገርሽ።

ሁለቱ የጠቀስሻቸው ነገሮች በባሕርያቸው ፈጽሞ አይገናኙም። ተራው ሞተር ኩርባ ላይ ያጋድላል። ከኋላ የተቀመጠው ሰውም አብሮ ማጋደል አለበት። አዲስ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያጋድል ይደነግጥና ሰውነቱን ወደ ቀኝ ይጥላል። ሹፌሩ ያኔ ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ካንቺ ጋር ነው የሚታገለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሲዞር በሹፌሩ ግራ ትከሻ በኩል ተመልከች፣ ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኙ። ሰውነትሽ ሳታስቢው ይከተላል።

ሳይድካሩ ግን ሦስት እግር ነው። አያጋድልም። ሹፌሩ መሪውን እንደ ጋሪ በጉልበት ነው የሚያዞረው፣ አንቺ ምንም ማድረግ የለብሽም። አንድ ነገር ብቻ እንዳያስደነግጥሽ። ባዶ ሳይድካር ወደ ወንበሩ በኩል ቶሎ ሲታጠፍ የጎኑ ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ ያንን ጎማ ስለሚጫነው ይረጋጋል። የፈራ ሰው እንግዲህ ሳይድካሩ ላይ ይቀመጥ። በአንድ ሞተር ሁለት ሰው ይሄዳል፣ አንዷ ጎኑ ላይ፣ አንዷ ከሹፌሩ ኋላ።

ለጉብኝት ከሚያዞሩባቸው አሮጌ ሞተሮች ውስጥ የቻይናው ቻንግ ጂያንግ 750 አለ። እሱ የሶቪየቱ ኤም-72 ልጅ ነው፣ ኤም-72 ደግሞ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር-71 ግልባጭ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተዘርግተው ታዩዋቸዋላችሁ። ድምፁን ስትሰሙት ጋሽ ሞተረኛው ብሎን ነበር ትላላችሁ።

ሄለን_ሳሪስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሊማሊሞን በሞተር ወጥተው ከሆነ እርስዎ የሚሉትን አምናለሁ። ናቲ አንተም ይመችህ። እኔ ሳይድካሩን፣ ጓደኛዬ የሹፌሩን ጀርባ። ተወስኗል።

ሳምሪ_ዱባይ፦
እኔ ባለፈው ዓመት ከዱባይ ሄጄ ሞክሬዋለሁ፣ ከኋላ ተፈናጥጬ። ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ።

ረጅም ጂንስ ልበሺ። ቁምጣ እንዳታስቢው። ከሞተሩ ስትወርጂ ባትሽ የጭስ ማውጫውን ከነካ ጠባሳው አብሮሽ ነው የሚኖረው። ሹፌሩ በየትኛው ጎን ውረዱ እንደሚል ሰምተሽ ውረጂ። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የሚንጠለጠል ነገር በሙሉ ጃኬት ውስጥ። ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪና ሂጂ፣ ያለዚያ ማታ ማበጠሪያ አይገባውም። ሄልሜት እነሱ ይሰጣሉ፣ በሕግም ግዴታ ነው። አገጭሽ ስር ያለውን ማሰሪያ ግን ራስሽ ሳብ አድርገሽ እዪው። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ቁጥር ጠይቂ፣ አትፈሪ። ከፀሐዩ ይልቅ ንፋሱ ነው የሚያታልለው። ሳይሞቅሽ ፊትሽ ይቃጠላል፣ ቅባት ተቀቢ።

አንድ ቅሬታም አለኝ። መጀመሪያ የያዝኩት ድርጅት ጠዋት ላይ “ዛሬ ንፋስ ስላለ አንወጣም” አለኝ። ይሁን፣ ለደህንነት ነው። ብሬን ለመመለስ ግን ሳምንታት አስለመነኝ። ስሙን አልጠራም። ከመክፈልሽ በፊት “በአየር ጠባይ ምክንያት ብትሰርዙ ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል?” ብለሽ በጽሑፍ መልሱን ያዢ።

ናቲ_ኬፕ፦
ሳምሪ ልክ ናት። ንፋሱ ቀልድ አይደለም። በበጋ፣ ማለትም ከኖቬምበር እስከ ማርች ግድም፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ንፋስ አለ። የከተማው ሰው “ኬፕ ዶክተር” ይለዋል፣ የከተማውን መጥፎ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ ነው አሉ። ቴብል ማውንቴን ላይ ነጭ ደመና እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ ካያችሁ እሱ መጥቷል ማለት ነው። ያን ቀን ሞተር ላይ መውጣት ቅጣት ነው።

ቆይ ግን! ሄለን፣ እሁድ ነው ያልሽው? ማርች ላይ? በማርች አንዱ እሁድ ትልቁ የብስክሌት ውድድር አለ። 109 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቻፕማንስ ፒክን ይዞ ነው የሚዞረው። ያን ቀን መንገዱ ለተሽከርካሪ ዝግ ነው። ቀኑን ቶሎ አጣሪ።

ሄለን_ሳሪስ፦
አይ ናቲ! አሁን አየሁት። በትክክል የእኛው እሁድ ነው። የጓደኛዬ ፊት ቢታይ...  ወደ ቅዳሜ እንዲያዛውሩልን አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ።

ብሩክ_ኮተቤ፦
በዚህ መንገድ ላይ ሩጫም አለ። ቱ ኦሽንስ የሚባለው 56 ኪሎ ሜትር፣ በኤፕሪል ግድም። ቻፕማንስን እየሮጡ የሚወጡት ሰዎች ሳስብ በሳይድካር መሄዱ የሰነፍ ሥራ ይመስለኛል ሃሃ።

ትዕግስት_ዘጎንደር፦
ማርች ማለት እኮ ሁዳዴ ነው። ሃውት ቤይና ካልክ ቤይ ደግሞ የዓሣ ወደብ ናቸው፣ ሁሉም ምግብ ቤት ዓሣና ድንች ጥብስ ነው የሚለው። ሄለን ምን ልትበይ ነው? ዓሣ ይጾማል አይጾምም?

ዳጊ_ሜክሲኮ፦
ዓሣ እኮ ደም የለውም፣ ይበላል።

ትዕግስት_ዘጎንደር፦
ማነው ደም የለውም ያለህ? ዓሣ ገዝተህ አታውቅም እንዴ? የእኛ አባቶች...

አወያይ፦
ስለ ዓሣ ጾም የተከፈተ ሌላ ክር አለ፣ 300 ምላሽ ደርሶ አሁንም አልተፈታም። እባካችሁ እዚያ ሂዱ። እዚህ ስለ ሞተር ብቻ። ከዚህ በታች የነበሩ 11 ምላሾች ተነስተዋል።

ናቲ_ኬፕ፦
ሃሃሃ። ሄለን ለምሳ አታስቢ፣ የጾም በያይነቱ የት እንደሚገኝ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።

ኪሩ_ካርታ፦
አንድ ነገር ላርም። ኬፕ ፖይንት ስትደርሱ “ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙት እዚህ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ አጉላስ ነው፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ድንበር ተብሎ የተሰየመው እሱ ነው። ግን የውሃው ልዩነት እውነት ነው። በካምፕስ ቤይ በኩል እግራችሁን ብታስገቡ አጥንት ይሰብራል፣ ከደቡብ በሚመጣው ቀዝቃዛ ጅረት የተነሳ። በሙይዘንበርግ በኩል ደግሞ ሕፃናት ይዋኙበታል።

ቦልደርስ ላይ ያሉት ፔንግዊኖችም የአፍሪካ ፔንግዊን ናቸው። በ2024 “እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ” ከሚባለው መደብ ገብተዋል። ስለዚህ አትጠጉ፣ አትመግቡ። ይናከሳሉም፣ ቀልድ አይደለም።

ጋሽ_ሞተረኛው፦
ታሪክ ከተነሳ እኔም አንድ ልጨምር። ከከተማው ወጣ ብሎ በወይን እርሻው በኩል ዱ ቶይትስክሉፍ የሚባል የተራራ መንገድ አለ። ሥራውን ካሠሩባቸው ሰዎች ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ጣሊያኖች ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ፣ እኛው አገር ጭምር የተያዙት ምርኮኞች ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተጫኑ ነበር የሚሄዱት። ሊማሊሞን የቀደደ ጣሊያን ኬፕ ላይም ድንጋይ ሲፈልጥ ነበር ማለት ነው። የባሕሩ መንገድ አይደለም፣ ግን ለሞተር ወዳጅ ቆንጆ ነው።

ሳምሪ_ዱባይ፦
ሄለን፣ ኢንሹራንስሽንም እዪው። የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ ሞተርን ለብቻው ነው የሚያየው። አንዳንዱ ሞተር የሚባል ነገር አይሸፍንም፣ አንዳንዱ ተሳፋሪውን ይሸፍናል። ውሉን አንብቢ። አስጎብኚው የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቂ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስጎብኚ በሕግ መመዝገብ አለበት፣ መታወቂያ ባጅ አለው። አሳዩኝ በይ፣ አይቀየሙም።

ሄለን_ሳሪስ፦
ተመልሻለሁ! ቃል በገባሁት መሠረት ላውራችሁ።

ቅዳሜ አዛወሩልን። ከመነሳታችን በፊት ናቲ ባለው አቅጣጫ እንዲያዞሩን ስጠይቅ ሹፌራችን ሳቀና “ማነው የመከረሽ?” አለኝ። ስድሳ የሚሆነው፣ ጢማም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በሄልሜቱ ውስጥ መነጋገሪያ ስለነበር የፈለግነውን እንጠይቀዋለን። መነጋገሪያ ከሌለ ምንም አይሰማም፣ ስለዚህ ሌላ የምትሄዱ ይሄንን ጠይቁ።

መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ስንወጣ ጉልበቴን አቅፌ ነበር። ሳይድካሩ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። የሚያልፉት መኪኖች ጎማ ፊቴ ላይ ነው። አጠገባችን የቆመ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩ ሕፃናት እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ ግን ፍርሃቴ ጠፋ። በየመንገዱ ሰው ያውለበልባል። በመኪና ብንሄድ ማን ዞር ብሎ ያየናል?

ሳይመንስ ታውን አካባቢ ዝንጀሮ አለ። ሹፌሩ ሳንደርስ “የሚበላ ነገር ከሳይድካሩ ላይ አንሱ” ብሎን ነበር። ጓደኛዬ የቆሎ ላስቲኳን እግሬ ስር ረስታዋለች። ለፎቶ ወርደን አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ አንዱ ትልቅ ዝንጀሮ መጥቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። በሰላም። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ። ላስቲኩን ቀደደና ገብሱን ትቶ ለውዙን እየመረጠ በላ። ሹፌሩ “አትጠጉ፣ ጨርሶ ይሄዳል” አለን። ጨርሶ ሄደ። ገብሱን እስካሁን ከቦርሳዬ ጥግ እየለቀምኩ ነው።

አሁን ወደ ቻፕማንስ። ናቲ፣ ስለ አቅጣጫው ያልከው በሙሉ እውነት ነው። ግን ያልነገርከኝ ነገር አለ። በመንገዱ ጠርዝ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አለ። ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጠ ሰው ግንቡን አሻግሮ ባሕሩን ያያል። ሳይድካር ውስጥ ያለ ሰው ግን ቦታ ቦታ ላይ ዓይኑ ከግንቡ እኩል ነው። ጓደኛዬ “ወይኔ! ወይኔ!” ትላለች፣ እኔ ድንጋይ አያለሁ። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሲያቆም “እኔ ከኋላ ልሁን” አልኩ። እኔ! ሞተር ስፈራ የከረምኩት! የጋሼን ምክር አስታውሼ በትከሻው በኩል እያየሁ ሄድኩ። ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ማጋደሉ የለም እኮ ለካ፣ ሳይድካር ስላለው። ያልተደገፈ የኋላ ወንበር ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ከላይ ስታዩ ድንጋዩ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ተደረደረ ነው። ሹፌሩ ቆም ብሎ ግራናይቱ የሚያልቅበትን መስመር በጣቱ አሳየን። ከመስመሩ በታች ግራጫ፣ ከመስመሩ በላይ ንብርብር። መንገዱ ልክ በዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። መረቦቹ ውስጥ የወደቁ ድንጋዮች ተይዘው ይታያሉ፣ አንዳንዱ የፍሪጅ ያህላል። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ አላየሁም።

ሽታው ነው ሌላው። በመኪና የማይገኝ። ባሕሩ ሲቀርብ የጨው፣ ዳገቱ ላይ የዱር ቅጠል ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ሃውት ቤይ ስትገባ የዓሣ። (ዓሣውን አልበላሁም፣ ትዕግስት ትረፊ።)

ዳጊ_ሜክሲኮ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ዝንጀሮው ብቻውን ብሩን ያወጣል።

ጋሽ_ሞተረኛው፦
ጎበዝ ልጄ። ከኋላ መቀመጡን አውቄ ነበር እንደምትመርጪ። ከሳይድካር ጋር ሲሆን አያጋድልም ያልኩት እሱን ነው።

ናቲ_ኬፕ፦
የግንቡን ነገር እኔም ሳይድካር ላይ ተቀምጬ ስለማላውቅ አልነገርኩሽም። ለሚቀጥለው እንግዳ እናገራለሁ፦ በየማረፊያው ቦታ ተቀያየሩ።

ዮዲት_ቶሮንቶ፦
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ በኦገስት አባቴን ይዤ ልሄድ ነው፣ 71 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ሳይድካር ውስጥ መግባትና መውጣት ይችላል? ከቻፕማንስ ሌላስ የባሕር መንገድ አለ?

ሄለን_ሳሪስ፦
ዮዲ፣ እግር ከፍ አድርጎ ማስገባት አለ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ። መውጣቱ ነው የሚከብደው፣ ክንድ ላይ መደገፍ ይፈልጋል። ሹፌራችን እጁን እየሰጠ ነበር የሚያወጣን። አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ናቲ_ኬፕ፦
ኦገስት እዚህ ክረምት ነው፣ ዝናቡም ብርዱም አለ። ለአባትሽ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ያስፈልጋል። አንድ ቀን ብቻ አትያዢ፣ መለዋወጫ ቀን ይኑርሽ፣ ቻፕማንስ በዝናብ ሊዘጋ ይችላል። ግን ወቅቱ የዓሣ ነባሪ ነው። ሌላው መንገድ ክላረንስ ድራይቭ ነው፣ ከጎርደንስ ቤይ ወደ ሩይ ኤልስ የሚወስደው። ሞተረኞች ከቻፕማንስ ይልቅ እሱን የሚመርጡ አሉ፣ የሚከፈልበትም አይደለም። እሱም እንደ ቻፕማንስ ነው፣ ስትሄጂ በተራራው ጥግ፣ ስትመለሺ በባሕሩ ጥግ። ቤቲስ ቤይ ድረስ ከሄዳችሁ እዚያም ፔንግዊን አለ፣ ከቦልደርስ ሰው ይቀንሳል። አባትሽን ሲመለሱ ከኋላ ሳይሆን ሳይድካሩ ላይ ተዪው፣ ትራስ ከስሩ አድርጊለት፣ ከፍ ይላል፣ ግንቡን ያልፋል።

ዮዲት_ቶሮንቶ፦
ትራሱን ከዚህ ነው የምይዘው? ሃሃ። እሺ፣ የድርጅቱን ስም በውስጥ መስመር ላኩልኝ።